የማይታየው ቁምፊ፦ መስመር የት እንደሚያልቅ ማን ይወስን?

ጽሑፍ ስናነብ ፊደሉን እናያለን፤ ቃሉን እናያለን፤ አንድ መስመር አልቆ ሌላው የሚጀምርበትንም ቦታ በዓይናችን እንለያለን። ኮምፒውተር ግን መስመር የሚባል ነገር አያይም። ለእርሱ ጽሑፍ ማለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ቁጥሮች ማለት ነው። «መስመሩ እዚህ ላይ አበቃ» የሚለውም መልእክት ከእነዚያው ቁጥሮች መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። ይህ ቅርጽ የሌለው ቁምፊ በአግባቡ ካልተያዘ የደብዳቤን አድራሻ ያጨፈልቃል፤ ግጥምን ወደ ዝርው ይለውጣል፤ አንዳንዴም ሙሉውን ሰነድ ከንባብ ውጭ ያደርጋል።

በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ቁምፊ፣ በተለይም ኤክስኤምኤል በሚባለው የሰነድ ማደራጃ ቋንቋ ተጽፎ ከዚያ ወደ ደብዳቤ፣ ወደ መጽሐፍ ወይም ወደ ሌላ ሰነድ ሲለወጥ ስለሚገጥመው ዕጣ እንነጋገራለን። አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ፦ ትርጉም ያለው የመስመር ማብቂያ በማይታይ ቁምፊ ሳይሆን በስሙ ተጠርቶ መመዝገብ ይኖርበታል እንላለን። ጉዳዩ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ አለመሆኑንም ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማሽን የተወረሰ ልማድ

የችግሩ ሥር ያለው በሜካኒክስ ውስጥ ነው። በእጅ በሚሠራ የጽሕፈት መኪና አንድ መስመር ሲያልቅ ሁለት ሥራዎች ይከናወናሉ፤ አንደኛው ካሬጅ የሚባለውን ተንሸራታች ክፍል ወደ መስመሩ መጀመሪያ መመለስ፣ ሁለተኛው ወረቀቱን በአንድ መስመር ወደ ላይ ማንሳት ነው። ቴሌታይፕ የሚባሉት በኤሌክትሪክ መልእክት የሚጽፉ ማሽኖች ሲሠሩ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የቁምፊዎች ሠንጠረዥ ለመጀመሪያው፣ ማለትም ለ«ካሬጅ ሪተርን»፣ ቁጥር 13ን፣ ለሁለተኛው፣ ማለትም ለ«ላይን ፊድ»፣ ቁጥር 10ን ሰጠ።

የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ስሌት ያገኛል። ሞዴል 33 የተባለው ታዋቂ ቴሌታይፕ በሴኮንድ 110 ቢት ይቀበል ነበር። ለአንድ ቁምፊ 11 ቢት ስለሚያስፈልገው በሴኮንድ 10 ቁምፊዎችን ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱ ቁምፊ የሚደርሰው ጊዜም 0.1 ሴኮንድ ነው። ግዝፈት ያለው የመጻፊያ ክፍል ከቀኝ ዳር ተነሥቶ ግራ ዳር ለመድረስ ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ 13 ቀድሞ ይላካል፤ የመጻፊያው ክፍል በጉዞ ላይ እያለ 10 ይከተላል፤ ወረቀቱ ከፍ ሲል የመጻፊያው ክፍልም ቦታውን ይይዛል። የሁለቱ ቁምፊዎች ቅደም ተከተል የኢነርሺያ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።

ማሽኖቹ ከአገልግሎት ወጡ፤ ልማዱ ግን ቀረ። ዩኒክስና ተከታዮቹ 10ን ብቻ መረጡ። ዶስና ዊንዶውስ 13ንና 10ን አንድ ላይ ይዘው ቀጠሉ። የማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች እስከ 2001 ድረስ በነበረው ሥርዓታቸው 13ን ብቻ ተጠቀሙ። የአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቁምፊ ነበራቸው፤ እርሱም በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቁጥር 133 ሆኖ ተመዘገበ። የዩኒኮድ አዘጋጆች ይህን ዝብርቅርቅ ለማስቀረት ብለው ሁለት አሻሚ ያልሆኑ ቁምፊዎችን በሠንጠረዣቸው አስገቡ፤ 8232ን ለመስመር፣ 8233ን ለአንቀጽ። ይሁን እንጂ ዓለም በአሮጌው ልማዱ ስለ ቀጠለ አዲሶቹ መፍትሔ ከመሆን ይልቅ የችግሩን ዝርዝር አረዘሙት።

ልዩነቱ ምን ያህል ተጨባጭ እንደሆነ ማንም ተማሪ ሊፈትን ይችላል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ጽፎ አንድ ጊዜ ወደ አዲስ መስመር ይሻገርና ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ያስቀምጥ። የግእዝ ፊደል በዚህ አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ ሦስቱ ፊደላት 9 ባይት ይሆናሉ፤ የፋይሉ ጠቅላላ መጠን ግን በዩኒክስ ልማድ 10፣ በዊንዶውስ ልማድ 11 ነው። የዊንዶውስ ኖትፓድ እስከ 2018 ድረስ 10ን ብቻ የያዘን ፋይል መስመሮቹን ሁሉ አያይዞ እንደ አንድ ረጅም መስመር ያሳይ እንደነበርም እናስታውሳለን።

ኤክስኤምኤል ምን ወሰነ?

ኤክስኤምኤል 1.0 በየካቲት 1998 በዓለም አቀፉ የድር ጥምረት ሲጸድቅ ይህን ችግር በአንድ ቀላል ደንብ ለመገላገል ሞከረ። ፓርሰር የሚባለው አንባቢ ፕሮግራም ሰነዱን ሲቀበል 13ንና 10ን ጥንድ ሆነው ካገኛቸው፣ ወይም 13ን ብቻውን ካገኘው፣ ሁሉንም ወደ 10 ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ያሉት ፕሮግራሞች የሚያዩት አንድ ዓይነት የመስመር ማብቂያ ብቻ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ደንቡ ብዙዎች የማያስተውሏቸው ሦስት መዘዞች አሉት።

የመጀመሪያው፣ 13 በእርግጥ ያስፈልገኛል የሚል ሰው በግልጽ &#13; ብሎ ካልጻፈው በስተቀር ከንባብ በኋላ አያገኘውም። ሁለተኛው፣ በአትሪቢዩት ውስጥ ያለ የመስመር ማብቂያ ከዚህም የከፋ ዕጣ አለው፤ ወደ ተራ ባዶ ቦታ ይለወጣል። በዚያ ቦታ መስመሩን ማትረፍ የሚቻለው &#10; ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ ከ32 በታች ካሉት የቁጥጥር ቁምፊዎች መካከል ኤክስኤምኤል 1.0 የሚፈቅደው 9ን፣ 10ንና 13ን ብቻ ነው። በማይክሮሶፍት ዎርድ ሺፍትና ኢንተርን አንድ ላይ ተጭነን አንቀጽ ሳንቀይር መስመር ስንቀይር፣ ጽሑፉን በፕሮግራም አማካይነት ስናወጣው በዚያ ቦታ የምናገኘው ቁጥር 11 ነው። ይህ ቁምፊ ሳይጣራ ወደ ኤክስኤምኤል ከገባ ሰነዱ ሕጋዊነቱን ያጣል፤ ደንቡን የሚያከብር ፓርሰርም እንዲህ ያለውን ስሕተት አልፎ መቀጠል የለበትም። ሁለት መቶ ገጽ በአንድ የማይታይ ቁምፊ ምክንያት ይቆማል ማለት ነው።

የፊደላችንና የቁጥር 133 ጉዳይ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛንም ፊደል በቀጥታ የሚነካ ምዕራፍ አለ። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብ ግን ለኤለመንት ስም የሚሆኑ ፊደላትን የዘረዘረው ከዚያ በፊት በነበረው ሁለተኛው እትም ላይ ተመሥርቶ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ በኤክስኤምኤል ሰነድ ውስጥ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ለሰነዱ ክፍሎች ግን የአማርኛ ስም መስጠት አይቻልም ነበር።

በየካቲት 2004 የጸደቀው ኤክስኤምኤል 1.1 ይህን በር ከፈተ። ያው እትም የአይቢኤምን 133ና የዩኒኮድን 8232 እንደ መስመር ማብቂያ እንዲቆጠሩና ወደ 10 እንዲለወጡ አደረገ። በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት ይዘት ያለው ሰነድ ራስጌው ላይ «1.0» ወይም «1.1» መጻፉ ብቻ የተለያየ ንባብ ያስከትል ጀመር። ነባር ፕሮግራሞች አዲሱን እትም ሊያነቡት ባለመቻላቸው 1.1 ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም። የፊደል ነፃነትና የመስመር ማብቂያ በአንድ ጥቅል ታስረው ስለ ቀረቡ ጥቅሉ ሲገፋ ሁለቱም አብረው ተገፉ። መፍትሔው የመጣው በኅዳር 2008 ነው፤ የ1.0 አምስተኛ ማሻሻያ የስም ደንቡን አላልቶ የመስመር ማብቂያውን ደንብ እንደ ነበር ተወው። ዛሬ ‹አድራሻ›፣ ‹ስንኝ›፣ ‹አንቀጽ› የሚሉ ስሞች ያሏቸውን ሰነዶች ማዘጋጀት ይቻላል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እንወስዳለን። ጥቃቅን የሚመስሉ ቴክኒካዊ ውሳኔዎች በሚደረጉበት ጠረጴዛ ዙሪያ የሌለ ቋንቋ፣ የራሱ ጉዳይ ከሌሎች ጉዳይ ጋር ታስሮ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል።

ሰነዱ ሲዘጋጅ የሚሆነው

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። አንድ ተማሪ ለብዙ ተቀባዮች የሚላክ ደብዳቤ ከኤክስኤምኤል እንዲዘጋጅ ፕሮግራም ይጽፋል እንበል። አድራሻውንም እንዲህ ይመዘግበዋል፦

<ተቀባይ አድራሻ="የፊዚክስ ትምህርት ክፍል
የሳይንስ ፋኩልቲ
አዲስ አበባ"/>

በመጻፊያው መስኮት ሦስት መስመር ይታያል። በታተመው ደብዳቤ ላይ ግን «የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የሳይንስ ፋኩልቲ አዲስ አበባ» ተብሎ በአንድ ተያይዞ ይወጣል። አድራሻው በአትሪቢዩት ውስጥ ስለሆነ መስመሮቹ የጠፉት ገና በመጀመሪያው በር፣ በንባቡ ላይ ነው።

ተማሪው ይህን ተረድቶ አድራሻውን ወደ ኤለመንት ውስጥ ቢያዛውረው ከመጀመሪያው በር ያልፋል፤ ሁለተኛው በር ግን ይጠብቀዋል። ኤችቲኤምኤል ተከታታይ ባዶ ቦታዎችንና የመስመር ማብቂያዎችን አጠቃሎ እንደ አንድ ባዶ ቦታ ያሳያል። በዎርድና በኦፕን ኦፊስ የሰነድ ዓይነቶችም በጽሑፉ መካከል የገባ ተራ ቁጥር 10 አዲስ መስመር አያስገኝም፤ ሁለቱም ለዚህ ሥራ የተመደበ የራሳቸው ኤለመንት አላቸው። በ2001 የጸደቀው ኤክስኤስኤል የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ቋንቋ ደግሞ ምርጫውን ለተጠቃሚው ይተዋል፦ ቁምፊው ይጣል፣ ይጠበቅ፣ ወደ ባዶ ቦታ ይለወጥ፣ ወይስ ስፋት ወደሌለው ባዶ ቦታ ይለወጥ? ተጠቃሚው ምንም ካልተናገረ ግን ወደ ባዶ ቦታ ይለውጠዋል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው የተማሪዎች ምላሽ ሌላ ልዩ ቁምፊ መሞከር ነው። &#10; ካልሠራ &#13; ይሞከራል፤ እርሱም ካልሠራ &#8232; ይገባል። ይህ ግን በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መቀያየር ነው። ለምሳሌ 8232 ጄሶን በሚባለው የመረጃ መለዋወጫ አጻጻፍ የተፈቀደ ሲሆን፣ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ግን እስከ 2019 እትም ድረስ በጥቅስ ውስጥ ሲገኝ መስመሩን ቆርጦ ፕሮግራሙን ያቆም ነበር። በአንድ ቤት እንግዳ የሆነ ቁምፊ በሌላ ቤት ጠላት ሊሆን ይችላል።

ዘላቂው መንገድ የሚከተለው ነው፦

<አድራሻ>
<መስመር>የፊዚክስ ትምህርት ክፍል</መስመር>
<መስመር>የሳይንስ ፋኩልቲ</መስመር>
<መስመር>አዲስ አበባ</መስመር>
</አድራሻ>

እዚህ ላይ መስመሮቹ በስማቸው ተጠርተዋል። ፓርሰሩ 13ን ወደ 10 ቢለውጥ፣ ሰነዱን የሚያሳምር ፕሮግራም በመካከላቸው ባዶ ቦታ ቢጨምር፣ የሦስቱ መስመሮች ማንነት አይነካም። ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራምም እያንዳንዱን ‹መስመር› ለሚያዘጋጀው ሰነድ ዓይነት በሚስማማው ምልክት ይተካዋል፤ ለዎርድ በዎርድ ቋንቋ፣ ለድር ገጽ በድር ገጽ ቋንቋ።

ከአድራሻ የሚበልጥ ነገር

አድራሻ ቢበላሽ አንባቢው ሊገምተው ይችላል። ከዚህ የሚከብዱ ጉዳዮች ግን አሉ።

ግጥምን እንውሰድ። በአማርኛ ግጥም ስንኝ የሚያልቅበት ቦታ የድምፁም የሐሳቡም ማረፊያ ነው፤ ቤት የሚመታውም እዚያ ላይ ነው። የሰዎች ግጥም ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ስንኞቹ የተለዩት በማይታይ ቁምፊ ብቻ ከሆነ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ለውጥ በኋላ ዝርው ጽሑፍ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሚያውቅ ሰው ቤት አመታቱን አዳምጦ መልሶ ሊከፍለው ይሞክራል፤ ማሽን ግን አያዳምጥም። ‹ስንኝ› የሚል ኤለመንት ይህን አደጋ ያስቀራል።

የብራና መጻሕፍት ጉዳይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የብራና ጸሐፊዎች የመስመሩ ስፋት ሲያልቅ ቃሉን በመካከሉ ቆርጠው፣ ያለ ምንም ማያያዣ ምልክት፣ በሚቀጥለው መስመር ይጨርሱታል። ቃሉ የት እንዳለቀ የሚያመለክተው ሁለት ነጥብ ነው። ስለዚህ ‹መጽ› በአንድ መስመር መጨረሻ፣ ‹ሐፍ› በሌላው መጀመሪያ ሊገኙ ይችላሉ። ይህን መስመር በመስመር ገልብጦ ለሶፍትዌር የሰጠ ሰው «መጽ ሐፍ» የሚሉ፣ በየትኛውም መዝገበ ቃላት የማይገኙ ሁለት ቁራጮችን ያተርፋል፤ «መጽሐፍ» ብሎ የሚፈልግ ተመራማሪም አያገኘውም። ለሥነ ጽሑፍ ሰነዶች የተዘጋጀው ቲኢአይ የተባለው የኤክስኤምኤል ደንብ ለዚህ መልስ አለው፤ አዲስ መስመር የሚጀምርበትን ቦታ በኤለመንት ያመለክታል፤ መስመሩ ቃሉን ከሁለት መክፈል አለመክፈሉንም ለይቶ ያስመዘግባል። ከ2016 ጀምሮ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው የኢትዮጵያና የኤርትራ የብራና መጻሕፍት ፕሮጀክት የሚጠቀመው ይህንኑ ደንብ ነው።

ሁለት ነጥብ ራሱም ትኩረት ይሻል። በዩኒኮድ ቁጥሩ 4961 ነው። የዩኒኮድ የመስመር አቆራረጥ ደንብ ከእርሱ በኋላ መስመር መቁረጥ እንደሚቻል ይናገራል። በኤክስኤምኤል ዘንድ ግን ባዶ ቦታ ተብለው የሚቆጠሩት 9፣ 10፣ 13ና 32 ብቻ ናቸው። በመሆኑም የዩኒኮድን ደንብ የማያውቅ የገጽ ማቀናበሪያ፣ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለያዩ ቃላትን የያዘ ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ እንደ አንድ ረጅም ቃል ቆጥሮ ከገጹ ኅዳግ ያስወጣዋል። አንዳንዶች መፍትሔ ብለው ስፋት የሌለውን ባዶ ቦታ፣ ማለትም ቁጥር 8203ን፣ በየመካከሉ ይሰገስጋሉ። ገጹ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ቁምፊው በቃል መካከል ከገባ ዓይን እያየው ፍለጋ የማያገኘው ቃል ይፈጠራል። የገጽን ችግር በጽሑፉ ላይ መጫን ማለት ይህ ነው።

«ይህን ያህል ማካበድ ለምን?»

በተቃራኒው ሊነሡ የሚችሉ ሐሳቦችን ማለፍ አይገባም። አንዳንዱ «ተራ ጽሑፍ ከሁሉ ይቀላል፤ ማንም ይከፍተዋል፤ እያንዳንዱን መስመር በኤለመንት ማጠር ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ይህ እውነትነት አለው። በቤተ ሙከራ የተለካ መረጃ በየመስመሩ አንድ ልኬት ሆኖ ሲጻፍ መስመሩ ራሱ መለኪያው ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ ማዕቀፍ መደርደር አያስፈልግም። ሌላው ደግሞ «ዘመናዊ ሶፍትዌር ሁሉንም በራሱ ያስተካክላል» ይላል። ይህኛውን ግን አንቀበለውም። ሶፍትዌር የሚያስተካክለው በተጻፈለት ደንብ መሠረት ነው፤ ደንቡም ከላይ እንዳየነው ትርጉም ያለውን መስመር ትርጉም ከሌለው አይለይም። የመለየቱ ኃላፊነት የሰነዱ ባለቤት ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ገጹ ቢሰፋ ይህ የመስመር ማብቂያ ይቀራል ወይስ ይጠፋል? ገጹ ሲሰፋ የሚጠፋ ከሆነ የወረቀቱ ስፋት ያመጣው ነውና ከሰነዱ ውስጥ መመዝገብ የለበትም፤ ለገጽ ማቀናበሪያው ይተው። ገጹ ምንም ያህል ቢሰፋ መቅረት ያለበት ከሆነ፣ እንደ ስንኝ ወይም እንደ አድራሻ መስመር፣ የይዘቱ አካል ነውና ስም ይሰጠው። የብራናው መስመር ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ ያመጣው የብራናው ስፋት ቢሆንም ለታሪክ ማስረጃ ስለሆነ እንደ ማስረጃ ይመዝገብ።

ለፊዚክስ ተማሪ የሚቀርበው መፈተኛ ደግሞ ከጥበቃ ሕጎች ጋር ይመሳሰላል። ሰነዱን በፕሮግራሙ አንብቡት፤ መልሳችሁ ጻፉት፤ እንደገና አንብቡት። ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ የነበሩት መስመሮችና ከሁለተኛው በኋላ ያሉት በቁጥርም በይዘትም እኩል ናቸው? እኩል ካልሆኑ በመካከል የሆነ ቦታ አንድ ነገር ፈስሷል ማለት ነው። ኃይል በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሲጎድል የት እንደ ሄደ እንደምንፈልግ ሁሉ፣ የጠፋውንም መስመር በየበሩ እየተከታተልን እንፈልገው።

በእኛ አስተያየት ይህ ዕውቀት ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ፣ የቃለ መጠይቅ መዝገብ የሚያጠናቅር፣ የአያቶቹን ግጥም በኮምፒውተር የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ያስፈልገዋል። በየትምህርት ክፍሉ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ኮርስ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ተመድቦ ተማሪዎች የአንድን ፋይል ባይቶች በቁጥር እንዲያዩ ቢደረግ፣ «ለምን ተበላሸ?» ከሚለው ግራ መጋባት «የትኛው በር ላይ ተለወጠ?» ወደሚለው ሳይንሳዊ ጥያቄ ይሸጋገራሉ ብለን እናምናለን።

ዛሬ በየቢሮውና በየቤተ መጻሕፍቱ ብዙ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር በመግባት ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሳይለይ የገባን ነገር ከዓመታት በኋላ እንደገና ለመለየት ዋናውን ወረቀት መመልከት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ላይገኝ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መስመሩን የሚያውቀው ሰው አጠገባችን እያለ፣ መስመሩ መስመር መሆኑን በስሙ ጠርተን እንጻፈው።